መኪና በውሃ ይሄዳል? ከቪዲዮው አረፋ እስከ ጢስ ዓባይ

(ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፣ ነዳጅ ማደያ በር ላይ የተሰለፉ ባጃጆች)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ቤንዚን በጠፋ ቁጥር አንድ ወሬ ይነሳል። «መኪና እኮ በውሃ ይሄዳል፤ ደብቀውን ነው እንጂ!» ቪዲዮውንም አይታችሁት ይሆናል። ሰውየው በሃይላንድ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ውሃውን ይጨምራል፣ ሞተሩ ይነሳል። ከሥር ደግሞ የሚሸጥ ዕቃ አለ፤ ውሃውን በኤሌክትሪክ ወደ ጋዝ ቀይሮ ለሞተሩ ያቀብላል ይሉታል። ሰልፍ የሰለቸው የባጃጅ ሹፌር ያጠራቀማትን ይዞ ለዚህ ዕቃ እንዳይሄድ ነው ይህን የምሠራው።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ፣ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ጫፋቸው የተቀረጸ እርሳሶች)

መጀመሪያ አረፋውን እንየው። ውሃ ውስጥ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨመርን። እርሳሶቹን በሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኝተን ነከርናቸው። አያችሁ? ከሁለቱም ጫፍ አረፋ ይወጣል። በኔጌቲቩ በኩል ያለው በደንብ ይበዛል። እሱ ሃይድሮጅን ነው። በወዲያኛው በኩል ኦክስጅን ይወጣል። በገበታ ጨው ግን እንዳትሞክሩት፤ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ኒኮልሰን እና ካርላይል የሚባሉ ሁለት እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1800 ለንደን ውስጥ ሠርተውታል። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ ያለው አረፋ እውነት ነው። ሃይድሮጅን መንደዱም እውነት ነው። ነገሩ የሚበላሸው ሂሳቡ ላይ ነው።

ሃይድሮጅን ሲነድ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ሙቀት ይሰጣል። የሚቀረው ውሃ ነው። ውሃ ማለት እንግዲህ ነዶ ያለቀ ነገር ነው፤ እንደ ምድጃ አመድ። አመዱን መልሶ ለማንደድ መጀመሪያ ወደ እንጨትነት መመለስ አለበት። ለዚያ የሚከፈለው ጉልበት ደግሞ ሲነድ ከሰጠው አያንስም።

በቁጥር እንየው። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማግኘት 9 ሊትር ውሃ ይበቃል። ኤሌክትሪኩ ግን 50 ኪሎዋት ሰዓት (የቤታችሁ ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) ገደማ ነው። ከዚያ ሃይድሮጅን ውስጥ የምናገኘው 33 ያህሉን ነው። ተራ ሞተር ውስጥ ሲነድ ደግሞ ሦስት አራተኛው በሙቀት ይባክናል። ጎማው ጋ የሚደርሰው 8 ብቻ ነው። 50 ከፍሎ 8 መቀበል!

(ምስል፦ የተከፈተ ኮፈን፤ ካሜራው ቺንጋው ላይ ይቆያል)

ሻጩ «ኤሌክትሪኩ ከራሱ ከመኪናው ነው» ይላችኋል። እሺ፣ ባትሪውን የሚሞላው ማነው? ዲናሞው። ዲናሞውን የሚያዞረው? በዚህ ቺንጋ በኩል ሞተሩ። ሞተሩን የሚያዞረው? ቤንዚን። ጋዝ ለማውጣት በሳባችሁ ቁጥር ዲናሞው ይከብዳል፣ ሞተሩም ያንኑ ያህል ተጨማሪ ቤንዚን ይጠጣል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ የሚባለው ይኸው ነው።

መጠኑንም አስቡት። ዕቃው በ12 ቮልት 20 አምፔር ቢስብ 240 ዋት ነው። ከዚያ በጋዝ መልክ የሚወጣው ቢበዛ 150 ዋት ያህል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትሄድ አውቶሞቢል ከቤንዚኗ የምትወስደው ግን ወደ 58,000 ዋት ይጠጋል። ቪዲዮው ላይ ሞተሩን ያስነሳው ማን እንደሆነ ከዚህ መገመት አያቅትም።

«እኔ አስገጥሜው ነዳጅ ቀንሶልኛል» የሚል ሰው አለ። ሰውየው አይዋሽም። ዕቃ ያስገጠመ ሰው ቀስ ብሎ ይነዳል፣ የጎማውን ንፋስ ያያል፣ መርገጫውን አይደፈጥጥም። ነዳጁን የቀነሰው እግሩ ነው። አደጋውን ግን አትናቁት። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተቀላቅለው በጋለ ሞተር አጠገብ ሲጠራቀሙ ለመፈንዳት አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

«የፈለሰፈውን ሰው ገደሉት» የምትሉኝም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስታንሊ ሜየር ይባላል፤ የኦሃዮ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት ገንዘብ ያወጡለት ሰዎች ከሰሱት። ባለሙያዎች ዕቃውን መርምረው ተራ ኤሌክትሮላይሲስ፣ ማለትም ቅድም በብርጭቆ እንዳየነው ውሃን በኤሌክትሪክ መለያየት፣ ሆኖ አገኙት። ፍርድ ቤቱም ማጭበርበር ነው ብሎ 25,000 ዶላራቸውን እንዲመልስ ወሰነ። የሞተው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መርማሪው ሐኪም የሞቱ ምክንያት አንጎሉ ውስጥ ያለ የደም ሥር ማበጥ ነው ብሏል።

እንደ ቶዮታ ሚራይ ያሉ የሃይድሮጅን መኪኖች በእርግጥ አሉ። እነሱ ግን የሚሞሉት ሃይድሮጅን ነው፤ ውሃው የሚወጣው ከጭስ ማውጫው ነው።

(ምስል፦ ጢስ ዓባይ፣ በክረምት)

አሁን ወደምወደው ክፍል እንምጣ። ውሃ መኪና ሊነዳ ይችላል፤ ሳይነድ፣ በመውደቁ ብቻ። ፏፏቴው 45 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። 10 በርሜል ውሃ፣ ማለትም 2,000 ሊትር፣ ከዚህ ከፍታ ተርባይን ላይ ቢወርድ 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ውሃውም አይጎድልም፤ መንገዱን ይቀጥላል። ወደ ላይ ያወጣው ጉልበት የፀሐይ ነው፤ እሷ አትንና ከጣና በላይ ባሉ ተራሮች ላይ ታዘንበዋለች። ጢስ ዓባይ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ይመነጫል። ከጣና ወደ በለስ የሚወርደው ውሃ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ያንቀሳቅሳል።

ያ ቅድም ያየነው 50 ኪሎዋት ሰዓት በቀጥታ ባትሪ ውስጥ ቢገባ መኪናዋን ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይወስዳታል። ሃይድሮጅን ሆኖ ሚራይ ውስጥ ቢገባ 100 አካባቢ ነው።

(ምስል፦ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ)

የኤሌክትሪክ መኪና ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከደጀን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ ፍሬን እየሆነ ባትሪውን ይሞላል። አንድ ተኩል ቶን የምትመዝን መኪና በየ1,000 ሜትር ቁልቁለት 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትመልሳለች። ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጡ ግን ለዚያው 1,000 ሜትር 5 ገደማ ትፈልጋለች። ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ደጀን ላይ የባትሪያችሁን መጠን አይታችሁ ውረዱ።