«ኮር አይ ሰቨን ነው» ካሏችሁ ጥርሱን እዩ

(ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ። የኮምፒውተር ሱቅ መስታወት።)

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜያለሁ። መስታወቱ ውስጥ 14 ላፕቶፕ አለ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሁሉም ወይ ጥቁር ናቸው ወይ ግራጫ። ሁሉም ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ኮር አይ ፋይቭ»፣ «ኮር አይ ሰቨን»። የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል፣ ስም ነው። ዋጋቸው ግን የአንዱ የሌላው እጥፍ ነው። ሻጩን ለምን ብትሉት «ያ አሪፍ ነው» ይላል። ይሄኛውስ? «እሱም አሪፍ ነው።» በቃ፣ ዓይን አዋጅ ይሆንባችኋል።

የመጣሁት ለአጎቴ ልጅ ነው። ዘንድሮ ኮምቦልቻ ካምፓስ ደርሶታል። አጎቴ ወይፈን ሸጠው ብሩን ላኩለት፤ እሱ ደግሞ ለእኔ ደወለ። «ወንድም ጋሼ፣ አይ ሰቨን ይሁንልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልልህም» አለኝ። አብሽር አልኩት። በልቤ ግን ሌላ ነበር የማስበው።

አንድ ነገር ላስቀድም። እዚህ ቪዲዮ ላይ ዋጋ በብር አልጠራም። ላፕቶፕ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው፤ የብር ምንዛሪ ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ነው የሚወሰነው። የዛሬ ዋጋ እናንተ ቪዲዮውን እስክታዩት ያረጃል። ያላችሁን ብር ምኑ ላይ እንደምታውሉት ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

ልጁን መጀመሪያ «ላፕቶፑ ትናንት እጅህ ላይ ቢኖር ምን ትሰራበት ነበር?» አልኩት። ትንሽ አሰበ። ፒዲኤፍ ማንበብ፣ አሳይመንት መጻፍ፣ ማታ ፊልም። ኮድ መጻፍም ይሞካክራል። ለዚህ ሁሉ መካከለኛ ማሽን ከበቂ በላይ ነው። የሱቅ ሒሳብ በፒችትሪ የምትሰሩ፣ የተማሪ ውጤት በኤክሴል የምትደምሩ መምህራን፣ እናንተም ከእሱ ጋር ናችሁ። ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ከባድ የሕንጻ ስዕል የሚስል ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ 16 ጊጋ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ለምስል ሥራ ለብቻው የተሰራ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል፤ ብሩንም በዚያው ልክ ይያዝ።

አሁን ወደዚያ ወረቀት እንመለስ።

አጎቴ በሬ ሲገዙ ቀለሙን አይተው አይከፍሉም። አፉን ፈልቀቅ አድርገው ጥርሱን ያያሉ። ዕድሜው እዚያ ነው ያለው። ላፕቶፕም ጥርስ አለው፤ ጄኔሬሽን ይባላል፣ የፕሮሰሰሩ ትውልድ ማለት ነው።

(ምስል፦ የፕሮሰሰር ስም በትልቁ፤ ከሰረዟ በኋላ ያለው ቁጥር ተከቦ።)

ላፕቶፑን አስከፍቱና ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» የሚለውን ተጫኑ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይመጣል። አይ ፋይቭ ወይም አይ ሰቨን ይላል፣ ሰረዝ አለ፣ ከዚያ ቁጥር። ቁጥሩ 8250 ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽን ነው። 7200 ከሆነ 7ኛ፣ 3520 ከሆነ 3ኛ። በ1 የሚጀምር ካያችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ አንብቡ፦ 1135 ማለት 11ኛ ነው፣ 10210 ማለት 10ኛ። 3ኛ ጄኔሬሽን በፈረንጅ 2012 የወጣ ነው። እንግዲህ «አይ ሰቨን» የተባለው ያ ከሆነ፣ የአጎቴ ልጅ ገና አንደኛ ክፍል ሳይገባ የተሰራ ማሽን ነው ሊገዛ የነበረው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። እስከ 7ኛው ጄኔሬሽን ድረስ፣ በቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ አይ ሰቨኑም አይ ፋይቩም ባለ ሁለት ኮር ነበሩ። 7500ዩ የሚባለው አይ ሰቨን ሁለት ኮር ነው ያለው። 8250ዩ የሚባለው አይ ፋይቭ ግን አራት። ሁለት ሠራተኛና አራት ሠራተኛ እንደማለት ነው። ስለዚህ 8ኛው አይ ፋይቭ 7ኛውን አይ ሰቨን ያስከነዳዋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ዋጋው የሚወደደው አይ ሰቨን የተባለው ነው።

ከ8ኛ በታች የማልወርድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበለው። አሮጌው ላይ አስገድዶ መጫን ይቻላል፤ ሱቆችም ያደርጉታል። ነገ አፕዴት እምቢ ሲል ግን ጣጣው ከሻጩ ጋር ሳይሆን ከእናንተ ጋር ነው የሚቀረው።

«አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ?» ትሉኛላችሁ። እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት ከነላስቲኩ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ። ቀጭን፣ ቀላል፣ ዋጋውም ደህና። ፕሮሰሰሩ ሴለሮን የሚባለው ደካማው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ማስቀመጫው 64 ጊጋ። በሁለተኛው ወር አፕዴት መጣና «ቦታ የለም» አለኝ። ፎቶ አጠፋሁ። ፊልም አጠፋሁ። አሁንም ቦታ የለም። ለካ ከ64ቱ ብዙውን ዊንዶውሱ ራሱ ይዞታል። ወደ ጠጋኝ ወሰድኩት፤ ከፍቶ አሳየኝ። ማስቀመጫው ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ራሙም እንደዚያው። «ይሄ እንደተወለደ ነው የሚሞተው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በተመሳሳይ ብር፣ መሥሪያ ቤት ተጠቅሞበት የተወውን ጠንካራ ላፕቶፕ እመርጣለሁ። ሦስት ስም ያዙ፦ የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480፣ የዴል ላቲትዩድ 7490፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5። ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ 8ኛ ጄኔሬሽን ናቸው፤ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ግን እዩ። ቁጥሩ ዝቅ ካለ፣ ለምሳሌ ኤሊትቡኩ ጂ 3 ከሆነ፣ መልኩ ቢቀራረብም ዕድሜው ወደ 6ኛ ይወርዳል። ሻጩ ሁለቱንም «ኤሊትቡክ» ነው የሚላችሁ።

ማስቀመጫው ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዓይነት፣ ይሁን። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ማሽኑ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። ሚኒባስ ውስጥ ተከፍቶ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ መንገጫገጩንም አይወድም። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ከ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ይሻላል። ፊልሙን ለፍላሽ ተዉለት። ራም 8 ጊጋ፤ ግን መጨመሪያ ቦታ እንዳለው ጠይቁ።

(ምስል፦ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ።)

እኛ ጋ መብራት ይሄዳል። ባትሪ እዚህ ጌጥ አይደለም። ከፕሮሰሰሩ ቁጥር መጨረሻ ያለችውን ፊደል እዩ። «ዩ» ካለች ቁጥብ ነው፣ 15 ዋት አካባቢ። «ኤች» ካለች 45 ዋት ገደማ ነው፤ ጉልበት አለው፣ ባትሪውን ግን ይጨርሳል። ከላይ የጠራኋቸው ሦስቱም በታይፕ ሲ ቻርጅ ይደረጋሉ፤ ለላፕቶፕ የሚሆን ፓወር ባንክ ካላችሁ ጨለማ ውስጥም ትሰራላችሁ። ቲ 480ው ደግሞ ሁለት ባትሪ አለው። የኋላውን ማሽኑ ሳይጠፋ ነቅላችሁ በሌላ መተካት ትችላላችሁ። እኔ ለዚህች ብቻ እወደዋለሁ።

አሁን ሱቅ ገብተናል። አትቸኩሉ፤ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ቁጭ በሉ።

ቻርጀሩን ንቀሉና ሃያ ደቂቃ በባትሪ ይሥራ። ፐርሰንቱ ስንት ወረደ? ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ powercfg /batteryreport ብላችሁ ብትጽፉ ደግሞ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ አዲስ ሳለ የነበረው አቅምና አሁን የሚይዘው። 50,000 የነበረው 20,000 ከቀረ፣ የባትሪ መቀየሪያ ከዋጋው ይቀነስላችሁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ራሙ ስንት እንደሆነ፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ ይሁን ሃርድ ዲስክ በግልጽ ይጽፋል። ኖትፓድ ከፍታችሁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ምቱ። እኛ ስናይ «ለ»ን የምንጽፍባት ቁልፍ አንዱ ላይ አልሠራችም። ያለ «ለ» ምን ይጻፋል?

አንዷን ግን እንዳትረሱ። ማሽኑን አጥፉና ስታስነሱት ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውሱ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ግቡ፤ የሚጫኑት ቁልፎች፦ ሌኖቮ ኤፍ 1፣ ዴል ኤፍ 2፣ ኤችፒ ኤፍ 10። የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ ሻጩ ያስከፍተው። ካልቻለ ተዉት። የድርጅት ዕቃ ሆኖ ሳይፈታ የወጣ ሊሆን ይችላል።

ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አይታችሁ በመኪና የምታስልኩ፣ ዋጋው ሊረክስ ይችላል። ግን ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ቁልፉ ባይሠራ ለመመለስ መሳፈሪያና ሁለት ቀን ይጨመርበት። ሲከፈትና ፕሮሰሰሩን ሲያሳይ ቪዲዮ ሳይልኩላችሁ ብር አትልቀቁ።

እኛ ቲ 480ውን ወሰድን። አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ። ልጁ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ ከአይ ሰቨኑ ጎን አስነስተን ሲያይ ዝም አለ። በተረፈው ብር ቦርሳና ሁለተኛ የኋላ ባትሪ ገዛን።

ማታ አጎቴ ደወሉ።

«ዕድሜው ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሰባት ዓመት ይሆነዋል።»

ትንሽ ዝም አሉ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ሰባት? በሬ ቢሆን እኮ ገና ጉልበቱ ላይ ነው» አሉና ሳቁ።