ፈተና ሲደርስ ድድ ለምን ይደማል?

[ምስል፦ ሌሊት፣ የካምፓስ ዶርም። ጠረጴዛው ላይ ሃንድአውት፣ ፔርሙስና የስኳር ዕቃ።]

ፋይናል ደርሷል። ቸከላው ጦፏል። ሻዩ በስኳር፣ ጫቱ በለስላሳ ይወራረዳል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከነልብስ ጋደም ነው። ጥርስ መቦረሽ? ማን ያስታውሰዋል!

ብዙ ሰው ይህን ስንፍና ይለዋል። እኔ አልስማማም። ድብርት የያዘው ተማሪ ቀድሞ የሚተወው ለራሱ የሚያደርጋትን ትንሽ ነገር ነው። ሻወሩን፣ ምሳውን፣ ብሩሹን።

[ምስል፦ አፍ ከቅርብ። የጥርስ ጠንካራ ሽፋን በሆነው ኢናሜል ላይ የሚወርድ ምራቅ።]

ስንጨነቅ ደግሞ አፍ ይደርቃል። ፕረዘንቴሽን ልታቀርቡ ስትነሱ ምላሳችሁ ላንቃችሁ ላይ ይጣበቅ የለ? እሱ ነው። የአፍ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይቀይሩታል። የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። አሲዱን የሚያረክሰው ምራቅ ነው፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በየሩብ ሰዓቱ ሻይ ፉት የሚል ሰው ፋታ አይሰጠውም። ጫትም አፍ ያደርቃል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም እንደዚያው። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ጭንቀቱ ሲራዘም ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን የሰውነትን መከላከያ ያዛባል። ድድ በቀላሉ ያብጣል፣ ይደማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የነበሩ ወታደሮችን ያሰቃየ፣ ድድ የሚያቆስልና አፍ የሚያገማ ሕመም አለ። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሲጋራና ያልጸዳ አፍ ሲገጣጠሙ ወጣቶችንም ይይዛል። ፈተና ሰሞን ዶርም ውስጥ ከእነዚህ የትኛው ይጠፋል?

ጥርስ ማፋጨትም አለ። ቤት ቢሆን «ወስፋት ነው» ይሏችሁ ነበር። ጠዋት መንጋጋችሁ ዝሎ ከተነሳችሁ፣ የዶርም ጓደኛችሁን ጠይቁት። እሱ ሰምቷል።

[ምስል፦ ግሩፕ ወርክ። አንድ ተማሪ አፉን በእጁ ሸፍኖ ይስቃል።]

ነገሩ በተቃራኒውም ይሄዳል፤ ጥርስም ስሜትን ይጎዳል። በስምጥ ሸለቆ፣ እንደ ወንጂና መተሐራ ባሉ አካባቢዎች፣ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ጣሪያ የሚበልጥበት የጉድጓድ ውኃ አለ። እሱን እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ቢቦርሸው አይለቅም። ካምፓስ ሲገባ ግን «አይቦርሽም» ተብሎ ይታማል። ከዚያ አፉን እየሸፈነ ይስቃል፣ ጥያቄ አይጠይቅም፣ ከሰው ይሸሻል።

[ምስል፦ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና።]

ሌላው ሁሉ ቢያቅታችሁ የማታዋን ቡረሻ አትዝለሉ። ሁለት ደቂቃ፣ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና (ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ጥርስን ይጠብቃል)። ሳሙናውን ትፉት፣ ወዲያው በውኃ አትጉመጥመጡ። መፋቂያም ያጸዳል፤ ፍሎራይድ ግን የለውም። ሻዩን በአንዴ ጠጥታችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ውኃ ያዙ።

የአፍ ቁስል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ክሊኒክ ሂዱ። ስትሄዱ ስለ ድዱ ብቻ አታውሩ። እንቅልፍ እንዴት እንደሆነ፣ ስሜታችሁ እንዴት እንደሰነበተም ጨምሩበት። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ፣ እናንተ ጀምሩት።