ፊካ፣ ፊካ፣ ፊካ

እሺ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ስለ አንዲት የፖርቱጋልኛ ግስ ላወራችሁ ነው። ሊዝበን ያላችሁ ወይ ልትመጡ ያሰባችሁ ስሙኝማ፣ ኮርስ ስትገቡ ሴር እና እሽታር (ሁለቱም "መሆን" ናቸው) እያሉ ጭንቅላታችሁን ያዞሩታል፣ እኔን ቢጠይቁኝ ግን ፊካር፣ መቅረት ወይ መቆየት ማለት ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት መግባት አለበት፣ ምክንያቱም መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ የምትሰሙት ፊካ፣ ፊካ፣ ፊካ ነው።

የሮሲዩ ባቡር ጣቢያ የት ነው ለማለት "ኦንድ ፊካ" ነው የሚባለው። ጣቢያ፣ ፋርማሲ፣ ከተማ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ሁሉ ፊካ ነው፣ ቁልፌ የት አለ ስትሉ ግን አይሆንም፣ እሱ እሽታር ነው።

ከዛ ደሞ ያው ግስ ሌላ መልክ ያወጣል። "ፊኮ ትሪሽት" ካሏችሁ ከፋው ማለት ነው። ስልክ ባትሪ ሲጨርስ "ፊኬይ ሰን ባተሪያ"፣ ልብስ ስትለኩ ያምርብሃል ለማለት "ፊካ-ት ቤይን"፣ ካፌ መልሱን ያዘው ለማለት "ፊክ ኮን ኡ ትሮኩ"። ቀጠሮ ሲሰረዝ ደሞ "ፊካ ፓራ አ ፕሮሲማ"፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን ነው፣ መቼ ብላችሁ እንዳትጠይቁ ብቻ፣ እኛም ጋ ያለ ነገር ነው።

ብራዚሎቹ ጋ ስትመጡ ጣጣው ይብሳል። አብራኝ የምትሰራ ሚናስ ከሚባለው የብራዚል ግዛት የመጣች ልጅ አለች፣ ከሆነ ልጅ ጋር "እየፊካርን ነው" ትለኛለች፣ ምን ማለት ነው ስላት፣ እንሳሳማለን፣ እንወጣለን፣ ግን ፍቅረኛዬ አይደለም አለች። ልጁ ፊካንቲ ይባላል፣ ነገሩ ሲጠነክር ነው ናሞራዱ፣ ፍቅረኛ፣ የሚሆነው። ሁለቱ እኩል ካልተረዱት የሚመጣውን ለቅሶ እኔ ነኝ ብሬክ ላይ የምሰማው።

የሚገርመው ይሄው ግስ እነሱ ጋ ታሪክም ሰርቷል። በ1822 ጃንዋሪ 9 የሊዝበን ፓርላማ የፖርቱጋሉን ልዑል ፔድሮን ወደ ፖርቱጋል ተመለስ ሲለው፣ ሪዮ ሆኖ "ፊኩ" አለ፣ አልሄድም፣ እዚሁ ነኝ። ቀኑ እስካሁን ዲያ ዱ ፊኩ ይባላል፣ በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ብራዚል ነፃነቷን አወጀች።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ እኛ "ቀረ" ስንል ሳይመጣ ቀረም ይሆናል፣ ፊኮ ግን እዛው የቆየ ሰው ነው። ከስራ የቀረውን ሰው ፊኮ ካላችሁት አለቃችሁ ኦቨርታይም እየሰራ ይመስለዋል፣ ለሱ "ፋልቶ" ነው የምትሉት።