ልብ ካላየ ዓይን አያይም

የዛሬ ተመራቂ አሽከርካሪዎች፣ አሰልጣኞችና ወላጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

እኔ የማስተምረው ሥነ ልቦና ነው። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ግን መሪ ይዤ የገጠመኝ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእህቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ስነዳ፣ ዜብራው ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ነበረች። ቀኑ ብራ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ፊቴም ወደ እሷ ነበር። አላየኋትም። ያየኋት ጎኔ የተቀመጠው ልጄ «አባዬ!» ብሎ ሲጮህ ነው። ፍሬን ስይዝ መኪናው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። የደብተር ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ያየችኝ አስተያየት ዛሬም ከፊቴ አልጠፋም። የማወራው በጆሮ ማዳመጫ ነበር፤ ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ነበሩ።

እስቲ አሁን ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉና የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ተመልከቱ። ዓይናችን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው ከዚያ ብዙም የማይሰፋ ቦታ ነው። ሌላው ብዥ ያለ ነው። ሁሉም ጥርት ብሎ የታየን የሚመስለን፣ ዓይን በሰከንድ ሦስት አራቴ ከቦታ ቦታ ስለሚዘልና የጎደለውን አእምሮ ስለሚሞላው ነው።

ዓይን ያረፈበትን ሁሉ ደግሞ አናይም። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ 24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች በሲቲ ስካን ምስል የሳንባ እባጭ እንዲፈልጉ ተሰጣቸው። ተመራማሪዎቹ ምስሉ ውስጥ ከተለመደው እባጭ 48 እጥፍ የሚበልጥ ጎሪላ ከትተውበት ነበር። 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲመረመር፣ የአብዛኞቹ ዓይን በቀጥታ ጎሪላው ላይ አርፎ ነበር! ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ልባቸው እባጩን ፍለጋ ሄዶ ነው። አማርኛችን «አየሁ»ን ከ«ልብ አልኩ» የሚለየው ለዚህ ይመስለኛል።

ስልክም ልብን ይወስዳል። በ2001 እ.ኤ.አ. ስትሬየርና ጆንስተን የተባሉ ተመራማሪዎች በዩታ ዩኒቨርሲቲ መንዳትን በሚመስል ሙከራ ሲፈትሹ፣ በስልክ የሚያወሩት ያመለጣቸው የትራፊክ ምልክት በእጥፍ ጨመረ። ስልኩን በእጅ መያዝና አለመያዝ ለውጥ አላመጣም። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው እኮ መንገዱ ሲጨናነቅ አይቶ ዝም ይላል። በስልክ ያለው ሰው ግን ዜብራው አይታየውም፤ ወሬውን ይቀጥላል።

ስለዚህ አደራ፣ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ስልካችሁን ዝጉ። ለቤተሰብም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ማንም አይቀየምም። እህቴ አሁን ስደውልላት ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀኝ «መኪናውን አቁመሃል?» ብላ ነው።

አመሰግናለሁ።