ማኅተሙ የታለ?

እየቀዳ ነው? አዎ፣ እየቀዳ ነው።

ዛሬ ስለ እህቴ ሠርግ ላወራችሁ ነበር። ይቆየን። ሰሞኑን ሌላ ነገር ውስጤ ገብቷል፤ እሱን ሳልናገር ሌላ ወሬ አይወጣልኝም። የጎረቤታችን አውራ ዶሮ ዛሬም አብሮን አለ። አዲስ አድማጮች፣ ትለምዱታላችሁ።

ጋዜጣዋ ወጣች። አዎ፣ ያቺው። አንድ ኤ ፎር ወረቀት፣ መሀሏ ላይ በመቀስ ተቆርጣ ስትታጠፍ ስምንት ትንንሽ ገጽ የምትሆነው። የእህቴ ስዕሎች ገብተዋል። አያቴ ቡና ላይ የምታወርደው ምርቃት በራሷ አነጋገር እንዳለ ገብቷል፤ አንድ ቃል አላረምኩም። ከኮምቦልቻ ባጃጆች ጀርባ የለቀምኳቸው ጥቅሶችም አሉ። ስለ ባጃጅ ጥቅስ አታስጀምሩኝ፤ ሰው ሐሳቡን ጽፎ ከተማውን ሲያዞር የሚውልበት ሌላ ቦታ የታለ? አርታኢ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ቀለሙን ገዝቶ ለጥፎ ወጣ። አንዱማ... አይ፣ ይቅር፤ ጋዜጣዋ ላይ አንብቡት።

ለምን በእጅ እንደሠራኋት ታውቃላችሁ። የፓንክ ነገር ነው፤ ያ ፈጣንና ጯሂ የሮክ ሙዚቃ። ሙዚቃውን ብዙዎቻችሁ አልወደዳችሁትም፤ "ጩኸት ነው" ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ይሁን። እኔን የያዘኝ ማርክ ፔሪ የሚባል የለንደን የባንክ ጸሐፊ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ስለዚያ አዲስ ሙዚቃ የሚጽፍ መጽሔት ፈለገ፣ አጣ። ራሱ ጻፈው። ስሙን "ስኒፊን ግሉ" አለው። ጽሑፉ በታይፕ፣ ርዕሱ በማርከር፣ የተሳሳተው እዚያው ላይ ተሰርዞ። የመጀመሪያው እትም 50 ኮፒ ገደማ ነበር። ኋላ ላይ በሺዎች ሲወጣለት ደግሞ አንባቢዎቹን እኛ በምንጽፈው አትርኩ፣ ሂዱና የራሳችሁን ጀምሩ ይላቸው ነበር። ይሄ ነው የገረመኝ። አንባቢ ያገኘ ሰው አንባቢውን ሂድና ጻፍ ሲል።

በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳይድበርንስ የሚባል ሌላ ትንሽ መጽሔት ላይ በእጅ የተሳለ ነገር ወጣ። የጊታር ሦስት ኮርዶች፣ ማለት አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች፣ ናቸው። ይሄ አንድ ኮርድ ነው፣ ይሄ ሌላ፣ ይሄ ሦስተኛ፤ አሁን ባንድ መሥርቱ ይላል። አለቀ። ሠርተፊኬት አምጡ አይልም።

ባዝኮክስ የሚባለው የፓንክ ባንድ ደግሞ የማንቸስተር ልጆች ናቸው። ያኔ ሸክላ ማውጣት ማለት የለንደን ትልልቅ ኩባንያዎችን በር ማንኳኳት ነበር። እነሱ ከዘመድ ከወዳጅ 500 ፓውንድ ገደማ ተበድረው አራት ዘፈን ቀዱ። በ1977 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ራሳቸው ባቋቋሙት አሳታሚ ስም 1,000 ሸክላ አሳተሙ፤ ቶሎ አለቀ። የዋሽንግተኑ ኢያን ማካይና ጓደኞቹ ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. ዲስኮርድ የሚባል የሸክላ አሳታሚ ሲያቋቁሙ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ልባስ ራሳቸው ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ ለጠፉ። ቁጭ ብለው፣ አንድ በአንድ። ይሄን ሳነብ እጄን አሳከከኝ። ወላሂ፣ ያኔውኑ መቀስ ፍለጋ ተነሣሁ።

እሺ። ወደ ኮፒ ቤቱ ልሂድ።

የደሴው ፒያሳ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ልጅቷ ወረቀቴን ማሽኑ ላይ አስቀምጣ እያባዛች ነው። እኔ የወጣውን እየተቀበልኩ አጥፋለሁ። ከኋላዬ ኮት የለበሱ አንድ አባት ቆመዋል። ክላሰር ይዘዋል፣ ያንን ጥቁሩን፣ ጠርዙ የተላጠውን። ከማጥፋቸው አንዷን አነሡ። መነጽራቸውን ወደ ታች ዝቅ አደረጉ። ገለጧት። መለስ አድርገው ገለጧት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጋዜጣ ነው አባባ። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"ማኅተሙ የታለ?"

"የለውም።"

"ታዲያ ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም።"

"ማንም?" አሉ።

ይሄ ሁለተኛው "ማንም" ነው የያዘኝ። በጭንቅላቴ ስንቴ እንደመለስኩት አላውቅም። ሲቆጡ ይመስላል ብዬ ልድገመው... "ማንም?" አይ፣ እንዲህ አልነበረም። ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። ሰው አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዶ "ወደ ወልዲያ በየት በኩል ነው?" ሲል ያለ ድምፅ ነበር። ወይም እኔ አሁን እያሰብኩ እንደዚያ አደረግኩት። እርግጠኛ አይደለሁም።

ቆይ፣ አላለቀም። ተራቸው ደረሰ። ክላሰሩን ከፈቱ። ካርታ፣ የጡረታ ወረቀት፣ ደብዳቤ። ሁሉም ላይ ክብ ማኅተም አለ፤ አንዳንዱ ላይ ሁለት፣ ሦስት። ልጅቷ እየተቀበለች ታባዛለች። ከሥር ግን የደብተር ወረቀቶች ነበሩ። የተሰመሩ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈባቸው። መስመሮቹ ጠርዝ አይደርሱም። አጭር፣ አጭር፣ አጭር። ቤት የሚመታ ነገር እንደዚያ ነው የሚጻፈው። ልጅቷ "ይሄስ አባባ፣ ይባዛ?" አለቻቸው።

ዝም አሉ። ማሽኑ እያጓራ ነው። እጄ ላይ ያሉትን ጋዜጦች አዩ፤ እኔን አይደለም ያዩት፣ ወረቀቶቹን። ከዚያ "እሱም። አንድ ብቻ" አሉ።

ከፈሉ። "አባባ፣ አንድ ይውሰዱ" ብዬ ሰጠኋቸው። ክላሰሩ ውስጥ፣ ማኅተም ባላቸው ወረቀቶች መሀል አስገቧት። "አብሽሪ" አሉኝና ወጡ። በቃ።

ምን ነበር የጻፉት? አልጠየቅኩም። የምጠይቀውም አይመስለኝም፤ የሰው ክላሰር ነው። እህቴ "ግጥም ነው ብለሽ አንቺ ወሰንሽ እንጂ የቤት ኪራይ ሒሳብ ይሆናል" አለችኝ። ሒሳብ ከሆነ ለምን ዝም አሉ? እሷ ደግሞ "የኮፒ ዋጋ እያሰቡ ነዋ!" እማዬ ሌላ አላት። "ሊቆጡሽ ነበር፣ አዝነውልሽ ተዉሽ" ባይ ናት። ሠርጉ ድረስ ይሄው ነው የቤታችን ወሬ፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ጉዳዩ እንደገና ይከፈታል።

እኔ ግን ምን አሰብኩ... በደሴና በኮምቦልቻ ሰው ያልሠራው ነገር የለም እኮ። መለዋወጫ ጠፋ ሲባል ጋራዥ ውስጥ ቀጥቅጦ፣ በይዶ ይሠራዋል። ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ይቆርጣል። ራስህ ሥራው የሚለውን ከለንደን ልጆች መማር አያስፈልገንም። ለእኛ አመፅ አይደለም፣ ኑሮ ነው። ታዲያ ቃል ላይ ስንደርስ ለምንድን ነው የምንቆመው? በር ራሱ የሚበይድ ሰው ግጥሙን ለማሳየት ደብዳቤ ይጠብቃል። ኮሚቴ ይጠብቃል። "አዲስ አበባ ሰው ካገኘሁ" ይላል። በሩን ማን ፈቀደለት? ማንም። ለግጥሙ ግን...

እዚህ ጋ ስደርስ ደስ አለኝ፣ ሐሳብ አገኘሁ ብዬ። ከዚያ ማታ ተኝቼ ሌላ ነገር መጣብኝ።

የእሳቸው ዕድሜ። የጡረታ ወረቀት የያዙ ሰው ናቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ወጣት ነበሩ ማለት ነው። ያኔ በስቴንስል የተባዛ በራሪ ወረቀት ኪሱ ውስጥ የተገኘ ወጣት ምን ይገጥመው እንደነበር ታውቃላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አለ። ብዙዎቻችሁ ጋ ከግድግዳ ላይ የማይወርድ ፎቶ አለ። በእሳቸው ዘመን "ይሄን ማን ፈቀደ?" ተራ ጥያቄ አልነበረም። ማኅተም የሌለው ወረቀት ሰው በልቷል። ማርክ ፔሪ ይሄ ፍርሃት አልነበረበትም። ባንኩን ትቶ ወጣ፣ ያ ድፍረት ነው፤ ግን ሌሊት በሩን የሚያንኳኳበት አልነበረም።

እና እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ ፈገግ ብዬ፣ "ማንም" አልኩ። እንደ ቀላል ነገር። ለእኔ ቀላል ስለሆነ ነው። ምናልባት ያ ሁለተኛው "ማንም?" ለእኔ ፈርተው ነው። ምናልባት ቀንተው ነው። አላውቅም። ይሄን ሳስብ ትንሽ... እሺ፣ ውኃ ልጠጣ።

(ለአፍታ ዝምታ)

አንድ ሰው ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ሌላ ሰው አይችልም። እሱ በ1969 እ.ኤ.አ. የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀድቶ፣ እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ህንድ አሳትሞ አመጣው። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነበር። ፓንክ የሚባል ነገር በለንደን ገና አልተሰማም። እሱም "ማን ፈቀደልህ?" መባሉ አይቀርም። ምን መልስ ሰጥቶ ይሆን? ሸክላዎቹ ግን ዛሬም ይሰማሉ።

ይሄን የማነሳው "እኛ ቀድመን ነበር" ለማለት አይደለም። ያ ወሬ ይደክመኛል። አንዳንዱ ደግሞ ማሲንቆ አንድ ክር ነው፣ ከፓንክ ሦስት ኮርድ ይበልጣል ይለኛል። አምባሰልና ባቲ የእኛ አገር ስሞች ናቸው፤ ቅኝቶቹን ስሰማ ደረቴ ይሞላል፣ አልክድም። ግን ባቲን በደንብ ለመጫወት ሰው ዕድሜውን ይሰጣል። ፓንክ የሚለው ሌላ ነው። ሳትችል ጀምር ነው የሚለው። ፊት ለፊት፣ እየተሳሳትክ። ሁለቱ ይታረቃሉ? አንዳንዴ አዎ እላለሁ። አያቴ ምርቃቷን በእጄ ጽሑፍ ስታይ "ይሄ ለመታተም አልተሠራም፣ አፍ ላይ ነው የሚያምረው" አለችኝ። እሷም ልክ ናት። አሁንም ልክ ናት። ግን ወረቀቷን አልመለሰችልኝም፤ ቁርዓኗ አጠገብ አስቀመጠቻት።

ብቻ... የሁለተኛው እትም ነገር አለ። መጀመሪያ ላልሠራ ነበር፤ የወረቀት ዋጋ አይታችኋል። አሁን ግን የመጨረሻውን ገጽ ባዶ ልተወው እያሰብኩ ነው። መስመር ብቻ አስምሬ። ማንም የሚጽፍበት። እህቴ "ባዶ ገጽ ማን ይገዛል?" አለች። ነጻ ነው እኮ የማድለው!

የኮፒ ቤቷ ልጅ ከእኔ ቀደመች። ትናንት ስሄድ ባዶ የወረቀት ካርቶን ጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ አስቀምጣለች፣ ላዩን በምላጭ ሰንጥቃዋለች። "ጽሑፍ ያለው ሰው እዚህ ያስገባ፣ አንቺ መጥተሽ ትወስጃለሽ" አለችኝ። ማን አዘዛት? ማንም። ስም ይጻፍ አይጻፍ አልተስማማንም። እኔ ያለ ስም ይሁን ባይ ነኝ፤ ፍርሃት ያለበት ሰው እንዲያስገባ። እሷ ደግሞ "ስም ከሌለው ማን ይኮራበታል?" ትላለች። እውነቷን ነው መሰለኝ። ወይም ሁለቱም ይፈቀድ... አይ፣ "ይፈቀድ" ደግሞ ማን ነኝና ነው የምፈቅደው።

እናንተ ምን ትላላችሁ? የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ቅዳሜ ሄጄ ካርቶኑን እከፍተዋለሁ። የደብተር ወረቀት ካለበት... እንጃ። መጀመሪያ ስለ ስሙ እንስማማ። ኧረ ይሄ ዶሮ፣ ቆይ መስኮቱን ልዝጋ...