ሪቮሊ፦ ሳያልቅ የታደሰው ቤተ መንግሥት

[ምስል፦ ኮረብታው ላይ ያለው ሕንፃ ከሩቅ፤ ከዚያ ካሜራው ወደ ግድግዳው ይጠጋል]

ይሄን ግድግዳ እስቲ እዩት። ጡቡ አፍጥጧል፣ ዓምዶቹ ወገባቸው ላይ ቀርተዋል። የፈረሰ ይመስላል አይደል? አልፈረሰም። ሲሠራ እዚህ ጋ ነው የቆመው።

ካስቴሎ ዲ ሪቮሊ ይባላል። ሰሜን ጣሊያን፣ ከቱሪን ወጣ ብሎ ነው። የሳቮይ ነገሥታት ቤት ነበር፤ በነገራችን ላይ በአድዋ ጊዜ ጦሩን የላከብን የጣሊያኑ ንጉሥ ኡምቤርቶም የዚሁ የሳቮይ ቤተሰብ ሰው ነው። በ1693 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) ፈረንሳዮች አቃጠሉት። በ1718 ደግሞ ቪቶሪዮ አማዴዎ 2ኛ ስመ ጥሩን አርክቴክት ፊሊፖ ዩቫራን ጠርቶ ትልቅ የባሮክ፣ ማለትም በጌጥ የተንቆጠቆጠ የዚያ ዘመን አሠራር፣ ቤተ መንግሥት እንዲሠራለት አዘዘው። ዕቅዱ ግዙፍ ነበር፣ ግን የተሠራው ሲሶው ቢሆን ነው። ንጉሡም አልቀናውም። በ1730 ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ፣ ቆይቶ ቆጨውና ልመለስ አለ፣ ልጁም አስይዞ እዚሁ ሪቮሊ አሰረው። ራሱ ባሠራው ቤት!

[ምስል፦ ባዶ ክፍሎች፣ የረገፈ ልስን]

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቁልቁል ነው። በ1883 የከተማው ማዘጋጃ ቤት ገዛው፣ ወታደር ሰፈረበት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ አገኘው፣ ከዚያም ዓመታት ሙሉ ዞር ብሎ ያየው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አርክቴክቱ አንድሬያ ብሩኖ በ1979 እድሳቱን ሲጀምር ሁለት ቀላል መንገድ ነበረው፦ የዩቫራን ዕቅድ አንስቶ የቀረውን መጨረስ፣ ወይም ያለውን ቀባ ቀባ አድርጎ ማስረከብ። ሁለቱንም አልመረጠም። የቆመውን አጠናከረ፣ የጎደለውን እንደ ጎደለ ተወ፣ የጨመረውን ደግሞ አዲስነቱ በግልጽ እንዲታይ አድርጎ ሠራው። ደረጃው ተንጠልጣይ ነው፣ ብረት። ላይ ደግሞ ከጡብ ግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ የመስታወት ሳጥን አለ፤ ገብታችሁ ቁልቁል ስታዩ እግር ይብረከረካል። እድሳት ማለት አዲስ ቀለም ብቻ ለሚመስለው ሰው ይሄን ማሳየት ነው።

[ምስል፦ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ፈረስ]

በታኅሣሥ 1984 ቤቱ የጣሊያን የመጀመሪያው የዘመናችን ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ይሄ ፈረስ የማውሪዚዮ ካቴላን ነው፣ አዎ፣ ያ ሙዝ በፕላስተር ግድግዳ ላይ የለጠፈው ሰውዬ። በ1997 ነው የሠራው። ቆዳው የእውነተኛ ፈረስ ነው፤ በመታጠቂያ ተሰቅሎ አንገቱን ደፍቷል፣ እግሮቹ ከልክ በላይ ረዝመው ቁልቁል ተዘርግተዋል፣ ግን መሬት አይነኩም። ነጭ ግድግዳ ያለው ተራ አዳራሽ ውስጥ ቢሆን “እንዴ!” ብለን እናልፈው ይሆናል። እዚህ ግን የተሰቀለው ከንጉሥ ጣሪያ ላይ ነው። ነገሥታት በፈረስ ላይ ሆነው መሳልና ሐውልት ማሠራት ይወዱ የለ? ይሄኛው ጋላቢ የለውም።

[ምስል፦ ረጅሙ ጠባብ ሕንፃ]

አንድ ነገር ልጨምር። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ያለው ይሄ ረጅም ሕንፃ ማኒካ ሉንጋ ይባላል። ርዝመቱ 147 ሜትር ነው፣ ስፋቱ ግን ጥቂት ሜትር ብቻ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሳቮዩ መስፍን የሥዕል ስብስብ እንዲቀመጥበት ነው የተሠራው። ዩቫራ ደግሞ ለአዲሱ ክንፍ ቦታ እንዲለቅ ሊያፈርሰው አቅዶ ነበር። ሥራው ስለቆመ ተረፈ፤ ከ2000 ጀምሮ ኤግዚቢሽን ይታይበታል።