ዘንዶው በፎርኬም ያው ነው

እንደምን አመሻችሁ! ከሰኞ ገበያም፣ ከቧንቧ ውሃም፣ ከኮምቦልቻ ድረስም የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የፊልም ክበባችን ሰብሳቢ አሥር ደቂቃ ሰጥቶኛል። ጥያቄው አጭር ነው። ያን ሁላችንም የምንወደውን የሰይፍና የዘንዶ ፊልም በብሉሬይ አለን። አሁን ባዋጣነው ብር ፎርኬውን (4K)፣ ማለትም ከብሉሬይ ይበልጥ ይጠራል የሚባለውን ዲስክ፣ እንግዛ ወይስ ይቅርብን?

ይቅርብን። ለጊዜውም ቢሆን።

ለምን እንደሆነ ከማስረዳቴ በፊት ግን ያን የአውዳመት ሰሞን አንርሳው። ገንዘብ ያዣችን ከመንገድ ዳር «ፎርኬ» የተባለ ዲስክ ገዝቶ መጣ። ሽፋኑ ወርቅማ፣ ያብረቀርቃል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጆቹ ከፊት መሬት ላይ ተኮልኩለዋል። ቡናው በረካ ደርሷል። የሌሊቱ ውጊያ ሲጀመር ማን ማንን እንደሚወጋ የለየ ሰው አልነበረም! አንድ አባት «መብራት ጠፋ እንዴ?» አሉ። ዲስኩን አውጥቼ ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ሐምራዊ ነው። ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የተቀዳ ተራ ዲቪዲ! እሱ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው። እውነተኛው ፎርኬ ዲስክ እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛል። የጋን ጠላ በስኒ አስገባሁ እንደማለት ነው። ይሄ ንግድ ነው ወይስ ዘረፋ? የወሎ ሰው ደግ ነው ማለት ሞኝ ነው ማለት አይደለም!

ወደ እውነተኛው ልመለስ። ቁጥሩ ያጓጓል። ምስሉ 3840 በ2160 ነጥብ (ፒክስል) ነው። ብሉሬዩ 1920 በ1080። አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ግን በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡ ብዙ ፊልሞች ያለቁት በቱኬ ነው፤ ወርዱ 2048 ነጥብ ገደማ። በፊልም ጥቅል የተቀረጸ ከሆነ የተዋናዮቹ ፊት ከኔጋቲቩ እንደገና ስካን ተደርጎ ሊጠራ ይችላል። ዘንዶው ግን ኮምፒውተር ውስጥ የተወለደ ነው። እሱ ይለጠጣል እንጂ አዲስ ነገር አይጨመርለትም።

ሐቁን አልደብቅም፣ ኤችዲአር የሚሉት፣ ደማቁንና ጨለማውን አጥርቶ የሚለየው ነገር ደስ ይላል። ብሉሬይ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ አለው፤ ፎርኬው 1024። ችቦና ጨለማ ላይ ልዩነቱ ይታያል። ጦሳ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ያየ ደሴዬ፣ ግራጫ ስንት ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። ግን የኛ ፕሮጀክተር ፉል ኤችዲ ነው፣ ያው እንደ ብሉሬዩ 1920 በ1080፣ ወገን! ለአራት እጥፍ ከፍለን ሩቡን ልናይ?

ማጫወቻውም ሌላ ጣጣ ነው። ጌም ቤት ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ይሄን ዲስክ አያነብም። 5ቱ ያነባል፣ እሱም ዲስክ መክተቻ ካለው። ስለ ድምፁ ዝም ልበል፤ ሁለት ስፒከር ይዞ ድምፅን ከዙሪያና ከላይ ስለሚያሰማው አትሞስ ማውራት ያሳፍራል።

ሰብሳቢያችን ሰዓቱን እያየ ነው። ሐሳቤ ይኸው፦ ብሩ ለፕሮጀክተር ይቀመጥ። በክበቡ ስም ደግሞ ማንም ከመንገድ ዳር ዲስክ አይግዛ። የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ።